የሀልከኒ ሽምብራ

ይህ የሆነው ከሰባት ዓመት በፊት፣ በፍልሰታ ጾም፣ አምቦ ከተማ ውስጥ ነው። ሽምብራ በገዛሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ሻጩ ሲሰፍርልኝ ብቻዬን ፈገግ ስል የሚያየኝ ሰው ምን እንደሚያስብ አላውቅም። ነገሩ ግን ያኔ የሚያስቅ አልነበረም። አንዲት ቃል አጣርቼ ባለመስማቴ የአምስት ወር ልጄን አደጋ ላይ ጣልኳት፤ እንደ እናት ያቀረቡኝን ሴትም በገዛ ግቢያቸው ሰደብኳቸው።

ሙያዬ መምህርነት ነው። የማስተምረው ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ቋንቋ ነው፤ አማርኛ። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ ዓለም ሲሆን አምቦ የሄድኩት በዝውውር ነው። ባለቤቴ ሳምሶን ከባኮ በቆሎ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ስለሚነዳ ቤቱ የሚያድረው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነበር። ሌላውን ቀን እኔና ልጄ ሶስና ብቻችንን ነን።

የተከራየነው ቤት ከአከራያችን ቤት ጀርባ ያለ አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ከማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ የተወጠረ። አንደኛው ጥግ ላይ ኮርኒሱ ወደ ታች ረግቧል። ከላዩ ከባድ ነገር የተቀመጠበት ይመስላል።

አከራያችንን ሰፈሩ ሁሉ አዴ ጫልቱ ይላቸዋል፤ «አዴ» እኛ ወይዘሮ እንደምንለው ነው። ስድሳ ያለፋቸው፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ እሁድ እሁድ ጸሎት ቤታቸው የማይቀሩ ሴት ናቸው። የፊት ጥርሶቻቸው ስለወለቁ «ሰ» ያሉት «ሸ» ሆኖ ይሰማል። አማርኛቸው ለገበያ ይበቃል። የእኔ ኦሮምኛ ለሰላምታም አይበቃም ነበር። «አካም» እላቸዋለሁ፣ «ነጋ» ይሉኛል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በእጅና በፈገግታ ነው። ሶስናን ስወልድ ግን ገንፎ ያገነፉልኝ፣ ልጄን ያጠቡልኝ እሳቸው ናቸው። ለገንፎ ቋንቋ አያስፈልግም።

ክረምቱ ሲገባ ኮርኒሱ ላይ ድምፅ ተጀመረ። አንዳንዴ ከረጢት ላይ ጥራጥሬ እንደሚንከባለል ችርርር ይላል። አንዳንዴ ኮሽ ኮሽ ይላል። አንድ ቀን ጠዋት በልጄ አጎበር ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ጥቁር ኩስ አገኘሁ። አይጥ ነው ብዬ ወደ አዴ ጫልቱ ሄድኩ።

«አዴ፣ ኮርኒሳችን ላይ ምንድን ነው ያለው?»

ቀና ብለው የቆርቆሮውን ጠርዝ አዩና፣ ምንም እንዳልሆነ ነገር፣ «ሽምብራ ነው» አሉኝ። «ሽምብራ ሀልከኒ። አትንኪው። እሱ ምንም አያደርግሽም።»

ኦሮምኛ አላውቅም አላልኳችሁም? ቢሆንም የቋንቋ አስተማሪ አይደለሁ! ኦሮምኛ የባለቤቱን ስም ከኋላ እንደሚያመጣ አውቃለሁ። ስለዚህ «ሽምብራ ሀልከኒ» ማለት «የሀልከኒ ሽምብራ» መሆኑን ወዲያው ተረዳሁ። ሰዋስዉ ላይ ልክ ነበርኩ። የተሳሳትኩት የቀረው ሁሉ ላይ ነው።

አዴ ጫልቱ እንጭኒ አካባቢ የሚያርስ ልጅ እንዳላቸው ሰምቼ ነበር። ስሙን ግን ጠይቄ አላውቅም። ሀልከኒ እሱ መሆን አለበት አልኩ። ያመረተውን ሽምብራ እናቱ ቤት ቢያስቀምጥ ምን ይገርማል? ለጨዋታ ያህል፣ «ሀልከኒ መቼ ይመጣል?» አልኳቸው።

ግራ ተጋብተው አዩኝ። «ሀልከኒ? ጀምበር ስትጠልቅ ነዋ!»

«በየቀኑ?»

«ታዲያስ! የማይመጣበት ቀን አለ?»

ልጅ ይዤ በጊዜ በሬን ስለምዘጋ ይሆናል ያላየሁት ብዬ ተውኩት። ለሳምሶን በስልክ ስነግረው ግን ሀልከኒ የሚባል ሰው በየማታው ግቢያችን መምጣቱ አልጣመውም። «ሽምብራውን ይዞ ቤቱ አይገባም እንዴ?» አለኝ።

ፍልሰታ ሲገባ ኩሱ በዛ። አይጡ ሽምብራውን እየጨረሰው ነው ብዬ ደመደምኩ። የሰው እህል አውርዱልኝ ማለት ደግሞ አሳፈረኝ። በዘዴ ልግባበት ብዬ አንድ ቀን ጎመን ሲቀነጥሱ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አዴ፣ ያ ሽምብራ ብዙ ከሆነ ለምን ትንሽ አይሸጡልኝም? ጾም ነው፣ ሽሮ አደርገዋለሁ።»

የያዙት ጎመን ከእጃቸው ወደቀ። «ትበዪዋለሽ?»

«እንዴታ! ቆልቼ፣ ከክቼ፣ አስፈጭቼ።»

«በጾም?»

«በጾም ነው እንጂ የሚጥመው።»

«ያ ጎፍታ ኮ!» አሉ፤ ጌታዬ ሆይ ማለታቸው ነው። ቀጥለው እጄን ይዘው እንደ መለማመጥ አሉኝ፤ «ተይው፣ ኢንተላ ኮ። ኢጆሌ አላቸው። እስከ መስቀል ተይው። ከመስቀል በኋላ ይወጣል።»

«ኢንተላ ኮ» ልጄ፣ «ኢጆሌ» ልጆች ማለት እንደሆነ በዚያን ጊዜም አውቅ ነበር። ነገሩ አሁን ጥርት አለልኝ። ሀልከኒ ልጆች አሉት፤ ሽምብራው እስከ መስቀል የሚቆይ የልጆቹ ቀለብ ነው። የሕፃናት ቀለብ ልግዛ በማለቴ አፈርኩ። ተነስቼ ሄድኩ።

በማግስቱ ቦኖ ውሃ ስቀዳ አንዲት ጎረቤታችን ጠጋ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ። «ቲቸር፣ ያን የኮርኒሱን ነገር እውነት በጾም ትበሉታላችሁ?»

ወሬው እንዴት ቶሎ እንደደረሳት ገረመኝ። «ታዲያ ምን እንብላ? ያለሱማ ጾሙ አይገፋም» አልኳት።

ሴትዮዋ ጀሪካኗን እንኳ ሳትሞላ አንስታ ሄደች።

እኔን ያሳሰበኝ ግን አይጡ ነው። የልጆች ቀለብ እያለቀ ዝም ብዬ ማየት አልሆነልኝም። የአይጥ መርዝ ሕፃን ያለበት ቤት አላስገባም። ስለዚህ መግቢያውን ፈለግሁ። ከቤቱ ጀርባ፣ ግድግዳውና ቆርቆሮው የሚገናኙበት ቦታ ላይ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ አገኘሁ። ከቀዳዳው ሥር ግድግዳው ቅባት እንደነካው ጠቁሯል። አገኘሁት አልኩ።

አዴ ጫልቱ ለቅሶ ለመድረስ ጉደር የሄዱ ቀን፣ ዝናቡ ሲያባራ ጠብቄ፣ በቀትር ወንበር ላይ ቆሜ ቀዳዳውን በአሮጌ ጨርቅ ጠቀጠቅሁት። ከላዩ ጭቃ ለሰንኩበት። ሲመለሱ ነግሬያቸው ሲመርቁኝ ይታየኝ ነበር። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው ለእኔ ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ልጄን አስተኛሁና አጎበሯን ዘርግቼ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ከገመድ ላይ ልብስ ላነሳ ወጣሁ። ሁለት ሦስት ጨርቅ እንዳጠፍኩ ከቤት ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። ይሄ አይጥ አይደለም። ኮርኒሱ በሙሉ እንደ ሽሮ ድስት ይንተከተካል። ቀጥሎ የረገበው ጥግ ስፌቱ ሲለቅ ሰማሁ።

በሩን ስከፍት ክፍሉ በክንፍ ተሞልቷል። ግድግዳውን ይላተማሉ፣ አምፖሉን ይዞራሉ፣ መሬት ወድቀው እንደገና ይነሳሉ። የሌሊት ወፍ ነው። ሃያ ይሁኑ መቶ አላውቅም። ልጅ ሆነን የሌሊት ወፍ ፀጉር ላይ ከተለጠፈች አትለቅም እየተባልን ነው ያደግነው። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ነጠላዬን ተከናንቤ ገባሁ። አልጋው ጋ ስደርስ አንዲቱ አጎበሩ ላይ ጥፍሯ ተይዞ ትንፈራገጣለች። ከውስጥ በኩል የሶስና እጅ ወደ እሷ ተዘርግቷል፤ ጣቶቿ መረቡን ነክተዋል። ልጄ ትስቃለች። የምታጫውታት መስሏታል። አጎበሩን ገልጬ መንጭቄ አወጣኋትና እየጮኽኩ ወደ ውጭ ሮጥኩ።

አዴ ጫልቱ ከለቅሶ ተመልሰው የግቢውን በር ከፍተው የገቡት ልክ በዚያን ጊዜ ነው።

«አንቺ!» አልኳቸው። «አንቺ ሴትዮ! ለሽምብራሽ ብለሽ ልጄን ልታስበዪ ነው? ጠይቄሽ አልነበረም? እህልሽ ከልጄ በለጠብሽ?»

ከ«እርስዎ» ሌላ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ከአጥሩ ወዲያ ሲሰበሰቡ ይታወቀኛል። ጊዜው ደግሞ ቃል የሚያጣላበት ጊዜ ነበር። የአማርኛ አስተማሪዋ ኦሮሞ አከራይዋን በገዛ ግቢያቸው ሰደበች ቢባል ምን ሊከተል እንደሚችል የገባኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው። ያኔም ቢሆን አላቆምኩም።

አዴ ጫልቱ ከለቅሶ እንደመጡ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወርዱ ልጄን ከእጄ ወሰዱ። «ሳሙና» አሉኝ። አመጣሁ። የሶስናን እጆች በሳሙናና በብዙ ውሃ ደጋግመው አጠቡ። በስልኬ መብራት ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ አንገቷን፣ ጆሮዋን፣ እግሯን አዩ።

«የጥርስ ምልክት አላየሁም» አሉ። «ነገ ግን ሐኪም ይያት።»

ልጄን መልሰው ሰጡኝና ወደ ቤቱ ሄዱ። መብራቱን አጠፉ። በሩንና መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱ። ከዚያ ከቤቱ ጀርባ ዞረው እኔ የለሰንኩትን ጭቃ በመጥረጊያ እንጨት አፈራረሱት፤ ጨርቁንም ጎትተው አወጡት። ተመልሰው አጠገቤ ያለ ግንድ ላይ ተቀመጡ።

ሰማዩ ገና አልጨለመም። በመጀመሪያ ከበሩ አንዲት ወጣች። ሁለት ተከተሉ። ቀጥሎ ከቀዳዳውም ከመስኮቱም ተከታትለው እየወጡ በጭንቅላታችን ላይ አልፈው ወደ ወንዙ ሄዱ። አዴ ጫልቱ በአገጫቸው አሳዩኝ።

«ኩኖ» አሉ። ይኸውልሽ ማለት ነው። «ሽምብራ ሀልከኒ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። «ሽምብራው ምን ሆነ?» አልኳቸው።

«ይሄ!» አሉ በጣታቸው እየጠቆሙ፣ እጃቸውን እንደ ክንፍ እያርገበገቡ። «ሽምብራ! ወፍ! ሀልከን… ማታ፣ ሌሊት።»

ያኔ ነው ሁሉም ነገር የተገለጠልኝ። ያሉት «ሲምቢራ» ነው፤ ወፍ። ጥርስ ስለሌላቸው ለእኔ ሽምብራ ሆኖ ተሰማኝ። ሀልከኒ የሚባል ሰው የለም። ሌሊት መቼ ይመጣል ብዬ ጠይቄያቸው ጀምበር ስትጠልቅ ብለውኛል። ልጆች ያሏቸው ወፎቹ ናቸው። እስከ መስቀል ተይው ያሉኝም ልጆቻቸው መብረር እስኪጀምሩ ነው። በማያሻማ ቃል ነግረውኛል፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

«አዴ» አልኳቸው፣ «እኔ እኮ የሚበላው ሽምብራ መስሎኝ ነው። የልጅዎ የሀልከኒ።»

«ሹምቡራ?» አሉ። ሽምብራን ኦሮምኛው እንደዚያ ይለዋል ለካ። «ሹምቡራ ነው የመሰለሽ?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ፣ ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ። «እኔ ደግሞ እናንተ ይሄን በጾም ትበላላችሁ ብዬ! ለሰው ሁሉ ተናግሬ! የኔ ልጅ ስም ደበላ ነው፤ ሀልከኒ የሚባል ሰው ከየት አመጣሽ?»

ከዚያ ወደ አጥሩ ዞረው ለተሰበሰበው ጎረቤት በኦሮምኛ ጮክ ብለው ተናገሩ። «ሹምቡራ» የምትለዋን ብቻ ለየሁ። ከአጥሩ ወዲያ የነበረው ጸጥታ በሳቅ ፈረሰ። ጠብ ሊሆን የነበረውን ነገር እሳቸው በአንድ አፍታ ጨዋታ አደረጉት። እኔም እየሳቅሁ አለቀስኩ።

«አንቺ ስላልኩዎት ይቅር ይበሉኝ» ብዬ ጉልበታቸውን ልይዝ ጎንበስ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ልጅ ሲነካ እርስዎ የለም፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። «እኔም ብሆን አንቺ ነበር የምለው።»

ቤቱን ስናይ ወለሉ ላይ ገና ፀጉሯ ያልበቀለ፣ አውራ ጣት የምታህል አንዲት ግልገል ወድቃለች። አዴ ጫልቱ በእጃቸው አልነኳትም። በወፍራም ጨርቅ አፍሰው ቀዳዳው አፍ ላይ አስቀመጧት። ጠዋት ሳያት አልነበረችም። እናቷ ወሰደቻት አሉኝ። ድመትም ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን እሳቸው ያሉትን ማመን መረጥኩ።

ሌሊቱን በእሳቸው ቤት አደርን፤ ወፎቹ እስኪወጡም እዚያው ቆየን። ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ሶስናን አገላብጣ አየቻትና ቁስል አላገኘችም። «ግን ሕፃን ናት፣ ተነክሳም ቢሆን አትናገርም» አለችና የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት አስጀመረቻት። በሽታው ከውሻ ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ቀጠሮው ተደጋጋሚ ነበር። በእያንዳንዱ ቀጠሮ ልጄን አዝለው አብረውኝ የሄዱት ያን ማታ አንቺ ያልኳቸው ሴት ናቸው። ልጄ ምንም አልሆነችም። እግዚአብሔር ይመስገን።

መስቀል ካለፈ በኋላ አዴ ጫልቱ ወፎቹ እንዴት እንደሚወጡ አሳዩን። ቀዳዳው ላይ ከረጢት እንደ መጋረጃ ሰቀሉ፤ ከላይና ከጎን ተቸንክሮ ከታች ክፍት ነው። ሲወጡ በሥሩ ተንሸራተው ይወጣሉ፤ ሲመለሱ መግቢያው ይጠፋቸዋል። ሳምንት ጠብቀን፣ አንድም እንዳልቀረ አረጋግጠን፣ ሳምሶን በወንፊት ሽቦና በሲሚንቶ ደፈነው። ወፎቹ ከጓሮ ወደሚገኘው የፈረሰ ማድ ቤት ተዛወሩ። እዚያ አዴ ጫልቱ አልከለከሏቸውም። የወባ ትንኝ ይበሉልናል ይላሉ።

አሮጌውን ኮርኒስ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን ስናወርድ ሁለት ከረጢት ሙሉ ኩስ ወጣ። አዴ ጫልቱ ሁሉንም ጎመን መደባቸው ላይ በተኑት። በበጋው ጎመኑ እንደ ጉድ አማረ፤ ለእኛም ይቆርጡልን ነበር። ያቺ የቦኖዋ ጎረቤት አንድ ቀን ጎመን ይዤ ስገባ አየችኝና፣ «ቲቸር፣ በመጨረሻ በላሽው አይደል?» አለችኝ። ምን እላታለሁ? እውነቷን ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ አዲስ ዓለም ተዛወርን። ዕቃችን ተጭኖ ልንነሳ ስንል አዴ ጫልቱ አንድ ፌስታል አቀበሉኝ። «ሹምቡራ ነው» አሉ፣ ቃሉን እየረገጡ። «ይሄኛው ይበላል። ሀልከኒ ላከልሽ።» መኪናው ውስጥ ገብቼ ከአምቦ እስክንወጣ አለቀስኩ።

አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ሽምብራው አይደለም። በቃል መሳሳት በማንም ይደርሳል። የሚያሳፍረኝ ገንፏቸውን በልቼ፣ ልጄን አሳጥቤ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ከዓመት በላይ ስኖር የልጃቸውን ስም አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አለማወቄ ነው። ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ሀልከኒ የሚባል ሰው ባልፈጠርኩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኦሮምኛ ተምሬያለሁ። ተማሪዎቼ አነጋገሬ ያስቃል ይሉኛል፤ ይሳቁ።

ፍልሰታ ሲገባ በየዓመቱ እደውልላቸዋለሁ። መጀመሪያ የምጠይቃቸው ያንኑ ጥያቄ ነው፤ «ሀልከኒ መጣ?» እሳቸውም፣ «ጀምበር ስትጠልቅ ነዋ» ይሉኛል። ደህና ናቸው ማለት ነው።

ዘንድሮ ስደውል ዓይናቸውን ሞራ እንደጋረዳቸው ነገሩኝ። ሐኪም አይቷቸው እንደሆነ፣ ማን እንደሚረዳቸው ስጠይቅ ያችን የየዓመቷን ጥያቄ ረሳኋት። እሳቸው ራሳቸው ጀመሩልኝ።

«ዛሬ አትጠይቂኝም እንዴ?»

«ሀልከኒ መጣ፣ አዴ?»

«መጥቷል፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። «አላየውም እንጂ ሲመጣ እሰማዋለሁ።»